ፍትህ ወደ አቦቦ የሄደች ጊዜ

የጥናቴን ርዕስ ወደ አማርኛ ለመመለስ የጨረስኩትን ጉልበት ባሮ ወንዝን በዋና ለመሻገር ባውለው ይሻለኝ ነበር። በእንግሊዝኛ ሲያነቡት ያምራል፤ የውጭ አገሩ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ወጪዬን ሊሸፍን የተስማማውም ርዕሱን ወዶት ይመስለኛል። ነገሩ የተወሳሰበ አልነበረም። ሰው ከኩራዝና ከማገዶ ወደ ፀሐይ መብራት ሲሻገር መብራቱ ለማን ይደርሳል፣ ለማን ይቀራል፣ ማንስ ይወስናል የሚለውን ነበር የማጠናው። በአማርኛ «ፍትህ በንፁህ ኃይል ሽግግር» ብዬ ጻፍኩት። ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና ብዙም አልቆየችም ነበርና፣ ከእነዚህ ቃላት ውስጥ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ አንድም አልነበረም።

መጀመሪያ ያሳየሁት ለቀድሞው አለቃዬ ነው። ለትምህርት ከመሄዴ በፊት በክልሉ አንድ ቢሮ ውስጥ የኃይል ባለሙያ ነበርኩ። ባለሙያ ይበሉኝ እንጂ ዋናው ሥራዬ የከተማው ጄኔሬተር ለምን እንደቆመ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልስ መፈለግ ነበር። አለቃዬ የአገሩ ተወላጅ ነው፤ ረጅም፣ ቀልድ የማያልቅበት። ወረቀቱን አንዴ ራቅ፣ አንዴ ቀረብ እያደረገ አነበበው።

«ፍትህ እኮ ጎረቤታችን ነው» አለኝ፣ በእጁ ከፍትህ ቢሮ ጋር የሚያዋስነንን ግድግዳ እያሳየኝ። «ከዚህ ወጥተሽ ቀጥሎ ያለው በር። ሽግግር ደግሞ አለቀ። የሽግግር መንግሥት የሚባለው ቀርቶ ይኸው ክልል ሆነናል። አሁን ደግሞ ወዴት ልታሸጋግሪን ነው?»

«ይኼ ሌላ ሽግግር ነው» አልኩት።

«ሌላም አለ?» አለና በሳቅ ወንበሩን አንቀጫቀጨው።

እሱን ተሰናብቼ ታይፒስቷ ጋ ስሄድ የባሰ ጠበቀኝ። ታይፒስቷ በቤተ ክርስቲያኗ የመዘምራን መሪ ናት። «ንፁህ ኃይል» የሚለው ላይ ስትደርስ ጣቶቿን ከጽሕፈት መኪናው አነሳችና፣ «እህቴ፣ አንቺ ኦርቶዶክስ አልነበርሽም እንዴ?» አለችኝ።

«ነኝ። ምነው?»

«ኃይል ከላይ ነው የሚመጣው። ንፁህ ኃይል ከሆነማ መንፈስ ቅዱስ ነው። እሑድ ነይ፣ እንጸልይልሻለን።»

ፀሐይም ከላይ እንደሆነች ለማስረዳት ሞከርኩ። «እሷንም የፈጠራት እሱ ነው» ብላ መምታቷን ቀጠለች። «ብርሃን» ብዬ ልቀይረው አሰብኩና ጭራሽ ጉባኤ ሊጠራልኝ እንደሚችል ስለገባኝ ተውኩት። በመጨረሻ አለቃዬ የድጋፍ ወረቀቱን እየፈረመ፣ «ቃሉስ ትክክል ነው፤ ችግሩ ሰው ቀድሞሽ ይዞታል» አለኝ። ያን ጊዜ እንደ ቀልድ ነበር የሰማሁት።

ያኔ ደክሞኝ ነበር። ከውጭ ከመጣሁ ጀምሮ ወባ ሁለት ጊዜ ጥላኛለች፤ ሙቀቱ ከሰዓት በኋላ ሲጠነክር ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ እንደ ቅቤ ይቀልጣል። ፈቃድ ለማግኘት ከበር በር መንከራተቱ ደግሞ ለብቻው የሚገድል ነገር ነው። አንዱ ቢሮ ኃላፊው መስክ ወጥቷል፣ ሌላው ቢሮ ገና ጠረጴዛ አልገባለትም፣ ሦስተኛው ጉዳዩ የእኔ አይደለም ይላል። ሁሉም አዲስ ነው፣ ሁሉም ትሁት ነው፣ ማንም የሚያውቀው ነገር የለም። ክረምቱ ደግሞ እየመጣ ነው። የወጪ ሸፋኞቼ የመስክ ሥራዬን ከክረምቱ በፊት እንድጨርስ ነግረውኛል፤ ዝናቡ ከጠነከረ መንገዱ ይዘጋል። ስለዚህ ፈቃዱ እጄ ሲገባ ደስታ እንኳን አልተሰማኝም፤ ተኝቼ ብውል ነበር ደስ የሚለኝ።

ጥናቴ የተመሠረተው ከአቦቦ ወጣ ብላ ባለች አንዲት መንደር ላይ ነበር። በአንድ በኩል የአገሩ ተወላጆች፣ በሌላ በኩል ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ይኖራሉ፤ መሃላቸው ላይ የጋራ ጤና ኬላ አለ። ከዓመት በፊት አንድ የዕርዳታ ፕሮጀክት በጤና ኬላው ጣሪያ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ሰቅሎ፣ ባትሪና አምፖል አስገብቶ ሄዷል። ሕዝቡ ሰሌዳውን መስታወት ይለዋል። ሁለት ወገን ሕዝብና አንድ መብራት። ከዚህ የተሻለ የጥናት ቦታ ከየት ይገኛል? ሱፐርቫይዘሬ ስለዚህች መንደር ስጽፍለት መልሱ ላይ ቃለ አጋኖ ደርድሮ ነበር፤ ቃለ አጋኖ የሚወድ ሰው አልነበረም።

አስተርጓሚዬ የዚያች መንደር ልጅ ናት። ከተማ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ትሠራለች፤ አማርኛዋ ጥንቅቅ ያለ ነው፣ ስትናደድ ብቻ ወደ አኙዋክኛ ትዞራለች። ታናሽ እህቷ መንደሩ ውስጥ ትኖራለች፤ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ልትወልድም ደርሳለች። አስተርጓሚዬ አብራኝ ለመሄድ ቶሎ የተስማማችው በእኔ ጥናት ተማርካ ሳይሆን እህቷን ለማየት እንደሆነ አልደበቀችኝም። ለዚህ ግልጽነቷ ወደድኳት።

እንግዲህ መምጣታችንን ለመንደሩ ማስታወቅ ያስፈልጋል። ወረዳው ወረቀቴን አይቶ በብስክሌት ሰው ላከ። መልእክቱ ከወረዳ ሲነሳ «ስለ ፍትህ በንፁህ ኃይል ሽግግር የምታጠና ተመራማሪ ከክልል ትመጣለችና ተባበሯት» የሚል ነበር። በዚያ ፀሐይ ያን ያህል መንገድ ብስክሌት የሚገፋ ሰው ይህን ሁሉ ተሸክሞ ይደርሳል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። መንደሩ የደረሰው «ከክልል ፍትህ ይመጣል» የሚለው ብቻ ነው።

እኛ ጨውና ሳሙና በጫነ አይሱዙ ላይ ሆነን፣ አፈር ለብሰን ደረስን። ማንጎው ሥር ሰው ተሰብስቦ ጠበቀን። ሴቶቹ በአንድ በኩል፣ ወንዶቹ በሌላ በኩል፣ ተወላጁም ሰፋሪውም ልብሱን ቀይሯል። ለእኔ የተዘጋጀው ወንበር ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎበታል። የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ፀጉራቸው የሸበተ የአገሩ ሽማግሌ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ጨበጡኝ።

«አንተ ፍትህ ነህ?» አሉኝ። በዚያ አገር ሴትን አንተ ማለት ንቀት አይደለም፤ በሁለተኛ ቋንቋ የሚናገር ሰው አንዱን ይዞ ለሁሉም ያዳርሰዋል፤ ከለመድኩት ቆይቻለሁ።

«ስለ ፍትህ ነው የማጠናው» አልኩ።

«ጥሩ፣ ጥሩ» አሉና ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ፍትህ ነው» አሏቸው። ሕዝቡ ራሱን ነቀነቀ።

ጣሪያው ላይ ያለው መስታወት ታጥቦ ያብረቀርቃል። ጤና ኬላው ግን ተቆልፏል። ጤና ረዳቱ ለክትባት ቀን ብቻ ብቅ እንደሚል በኋላ ነው የሰማሁት። መጠይቄን ጀመርኩ። መብራቱ ለሁላችሁም እኩል ይደርሳል ወይ? ይደርሳል። ቅሬታ ያለው አለ? የለም። ማን ነው የሚወስነው? ሕግ። ወደ ሰፋሪዎቹ በኩል ስሻገር ደግሞ አንድ ጎልማሳ ሳልጠይቀው፣ «ወላሂ እንደ ተሰቀለ ነው ያለው፤ አንድም ሰው አልነካውም» አለኝ። ቀጥሎ ያለው ሰውዬም አልነካም፤ ሚስቱም አልነካችም። ማን ነካው ብዬ ነበር?

በማግስቱም እንደዚያው። ከቤት ቤት እንሄዳለን፣ ውሃና ዓሣ ያቀርቡልናል፣ ሁሉም ደህና ነው ይሉናል፣ እንወጣለን። ያን ሁሉ ፈቃድ፣ ያን ሁሉ ኪኒን ውጬ የመጣሁት ሁሉም ደህና ነው የሚል መልስ ልሰበስብ ነበር ማለት ነው። አስተርጓሚዬም ከትናንት ጀምሮ ዝም ብላለች፤ የምትተረጉመውን ተርጉማ ዐይኗን ከእኔ ታሸሻለች።

ከሰዓት በኋላ ሴቶቹን ብቻ ሰብስቤ አነጋገርኳቸው። ያው መልስ ነው። በመጨረሻ፣ ስብሰባ ሲበተን እንደሚባለው፣ «እናንተስ የምትጠይቁኝ አለ?» አልኩ። ማንም አይጠይቅም ብዬ ዕቃዬን መሰብሰብ ጀምሬ ነበር። ከኋላ፣ የማንጎው ግንድ ላይ ተደግፋ የተቀመጠችው የአስተርጓሚዬ እህት አንድ ነገር ተናገረች። ሆዷ ጉልበቷ ላይ ደርሷል። ሴቶቹ በአንድ ጊዜ ወደ መሬት አቀረቀሩ።

«ምን አለች?» አልኩ።

አስተርጓሚዬ ወደ እህቷ ዞራ በአኙዋክኛ ተቆጣቻት።

«ምን አለች እኮ?»

«ፍትህ መቼ ነው የምትሄደው ትላለች።»

ሳቄ መጣና መንገድ ላይ ቀረ። ልጅቷ እየቀለደች አልነበረም። ትክ ብላ ታየኛለች፤ መልስ ትፈልጋለች።

ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ ቤቷ ገብተን ሁሉንም ነገረችን። የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በጨለማ ነው። ጋዝ አልቆ ኩራዙ ጠፋ። እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ኖሮ፣ አዋላጇ በዳበሳ እስኪያገኙት ድረስ ሕፃኑ ሞተ። አዋላጇ ከሰፋሪዎቹ ወገን የሆኑ ወሎዬ ናቸው፤ የሁለቱንም ወገን ሕፃናት የሚቀበሉት እሳቸው ናቸው። መስታወቱ ሲመጣ መብራቱ የተቆለፈ ቤት ውስጥ በራ። ሴቶቹ አንድ ሁለት ወር አዩትና አላስቻላቸውም። መስታወቱን፣ ባትሪውንና አምፖሉን አስወርደው ልትወልድ የደረሰች ሴት ቤት አስተከሉት። እሷ ስትወልድ ወደ ቀጣይዋ ይሄዳል። ከተወላጅ ወደ ሰፋሪ፣ ከሰፋሪ ወደ ተወላጅ፣ ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመውት ይዞራል። ይጣላሉ ወይ? በደንብ ይጣላሉ። የኔ ወር ይቀድማል፣ የለም የኔ ነው ይባባላሉ፣ አዋላጇ ሆድ ዳብሰው ይፈርዳሉ፣ ያበቃል።

ለዚህ ሁሉ የነበራቸው አንድ ቃል ነው፤ በሁለቱም ወገን በአማርኛ የሚሉት። ተራ። ተራው የማን ነው? ተራዋ ደርሷል። የኔን ርዕስ በዚህ አንድ ቃል ልመልሰው እችል ነበር። በእኛ ቋንቋ ደግሞ ተራ ማለት እዚህ ግቡ የማይባል ማለትም ነውና፣ ለዶክትሬት የሚሆን መስሎ ታይቶኝ አያውቅም።

ተራው የዚህችው ልጅ ነበር። መስታወቱ ቤቷ ደጃፍ ላይ ተተክሎ ሳለ ብስክሌተኛው ደረሰ። ፕሮጀክቱ ሲያስረክባቸው፣ ከዚህ ጣሪያ ያወረደ በሕግ ይጠየቃል ብሏቸው ነበር። ስለዚህ ፍትህ ይመጣል ሲባል በዚያው ቀን ነቅለው ወደ ጣሪያው መለሱት፣ አጠቡት፣ ልብሳቸውን ቀየሩ።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት አስተርጓሚዬን።

«ትናንት ነው የነገረችኝ። ሥራሽ ነው፤ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?» አለችና በራሷ ቋንቋ አጉረመረመች። እኔን ይሁን እህቷን፣ ማንን እንደሰደበች አልጠየቅኳትም።

በማግስቱ ጠዋት ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄድኩ። እኔ ተማሪ ነኝ፣ ከሳሽም ዳኛም አይደለሁም፣ የማወርደውም የምከሰውም ሰው የለም፣ እባካችሁ መስታወቱን ለልጅቷ መልሱላት አልኳቸው። በታቦት ማልኩላቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«አንተ ጥሩ ሰው ነህ» አሉኝ። «ግን ፍትህ ነህ። ዛሬ አውርድ ትላለህ፣ እናወርዳለን። ነገ ሌላ ፍትህ ይመጣል። ማን አወረደ ይላል። ያን ጊዜ አንተ የለህም።»

«ጽፌ እፈርማለሁ።»

«ማኅተም አለህ?»

ማኅተም አልነበረኝም። የነበረኝ ወረቀት መንደር ለመግባት እንጂ መስታወት ለማውረድ የሚሆን አይደለም። የፕሮጀክቱ ማኅተም አዲስ አበባ ነው። በምዕራብ በኩል ደመናው ጠቁሮ ተከምሯል፤ ዝናቡ ከገባ ደግሞ ፀሐይ የለም፣ ፀሐይ ከሌለ ባትሪው አይሞላም። ልጅቷ ዛሬ ልትወልድ ትችላለች፣ ከሳምንት በኋላም ልትወልድ ትችላለች።

«ፍትህ ባይኖርስ?» አልኳቸው።

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «ፍትህ ከሌለ እኛ እንተዋወቃለን» አሉ።

ማንጎው ሥር ሄጄ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ንዴት ነበር መጀመሪያ የያዘኝ። በእነሱም በራሴም አይደለም፤ በዚያ ቃል ነው። ስንት ዓመት የለፋሁበት፣ ስናገረው አፌን የምሞላበት ቃል፣ እዚህ የመጣሁለትን ነገር ከፊቴ አባሮ ደበቀው። ፍለጋ የመጣሁት ነገር ይኸው አለ፤ እኔ እዚህ ከተቀመጥኩ ግን የለም። ልቆይ ብል የሚከለክለኝ የለም፤ ቆይቼ ደግሞ የማገኘው የታጠበ መስታወትና ሁሉም ደህና ነው የሚል መልስ ነው። ብሄድ መንገዱ ይዘጋል፣ ወቅቱ ያልፋል፣ የጥናቴ ዋና ምዕራፍ ባዶ ይቀራል። ለሱፐርቫይዘሬ ምን ብዬ ነው የምጽፈው? ያየሁትን ብጽፍ ፕሮጀክቱ ያነበዋል፤ ቃሬዛውንም ተራውንም ያውቃል። ከዚያ በኋላ ያ በጨለማ የሞተው ሕፃን ትዝ አለኝ፤ ከዚያ የበለጠ ማሰብ አላስፈለገኝም።

«ዕቃዬን ልሰብስብ ነው» አልኳት አስተርጓሚዬን።

«ወዴት?»

«ወደ ከተማ። አንቺ ግን ቅሪ፣ ከእህትሽ ጋር ሁኚ። እኔ ነኝ የምሄደው።»

አይሱዙው ከአቦቦ ሲመለስ አስቁሜ ወጣሁ። መንደሩ በሙሉ ሊሸኘኝ ወጣ፤ እውነቴን ነው፣ በሕይወቴ እንደዚያ በደስታ ተሸኝቼ አላውቅም። ማንጎ በኬሻ ሰጡኝ። የወሎዬዋ አዋላጅ ግንባሬን ሳሙኝና፣ «መንገድሽን ጨርቅ ያድርግልሽ» አሉኝ። ልጅቷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከሩቅ ቆማለች። መኪናው ተነስቶ ወደ ኩርባው ሳይደርስ ዞር ብዬ አየሁ። መሰላሉ ቆሟል። ሁለት ሰዎች ጣሪያው ላይ ናቸው፣ ከታች ደግሞ ቃሬዛው ተዘርግቷል። ከመኪናችን የተነሳው አቧራ እንኳን ገና አልወረደም ነበር። ቢያንስ እስክርቅ አይታገሱም? ብዬ ተቀየምኩ። ቀጥሎ ደስ አለኝ። ከደስታው ይልቅ ግን ድካሙ ቀደመኝና የማንጎው ኬሻ ላይ ተደግፌ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ገባና መንገዱ ተዘጋ። እኔ ከተማ ውስጥ፣ ከሆቴሉ ቆርቆሮ ሥር፣ ባዶ ቅጾቼን ይዤ ተቀመጥኩ። ለሱፐርቫይዘሬ ከመንደሩ በቂ መረጃ አልተገኘም ብዬ ጻፍኩ። መልሱ ላይ ቃለ አጋኖ አልነበረም። ዶክትሬቴን በሌሎች መንደሮች፣ በቀዘቀዘ ልብ፣ አንድ ዓመት ዘግይቼ ጨረስኩ። ያቺን መንደር የትም አልጻፍኳትም። አሁን ያ ፕሮጀክትም ያ መስታወትም የለም፤ ብናገር የሚጠየቅ ሰው አይኖርም።

አስተርጓሚዬ የመጣችው መንገዱ ትንሽ ሲደርቅ ነው፤ ግማሹን በእግሯ፣ ግማሹን በትራክተር። ሆቴሉ በር ላይ ጭቃዋን እያራገፈች ስትስቅ ሳያት ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። አጠገቤ ተቀመጠች።

«ሴት ናት» አለችኝ። «ይኼኛዋም እትብቷ ተጠምጥሞ ነበር። አዩት። ከመብራቱ ሥር ነበረች።»

እጇን ያዝኳት።

«እህቴ መልእክት አላት» አለች። «ፍትህን አመስግኚልኝ፣ በጊዜ ሄደችልኝ ብላለች።»